ዳኛው ዘመዴ ነው

በጳጉሜን እንደኛ ቁርጠኛ ሕዝብ ተፈልጎ አይገኝም። ክረምቱ ሊወጣ፣ አደዩ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው አገሩ በሙሉ ቆርጦ ይነሳል። የሚያጨሰው ሊያቆም ነው። የሚቅመው ሊተው ነው። ቦርጫሙ ሊሮጥ፣ ተበዳሪው ሊከፍል፣ ከወንድሙ የተኳረፈው ሊታረቅ፣ ትምህርቷን ግማሽ ላይ የተወችው ልትቀጥል ነው። ሁሉም ግን ከመስከረም አንድ ጀምሮ። በዚያች አምስት ቀን ውስጥ (በየአራት ዓመቱ ስድስት ትሆናለች፤ ለቆራጦች አንድ ቀን ምርቃት) ማንም ምንም አይተውም። እንዲያውም የመጨረሻ ነው እየተባለ በጥድፊያ ይጨሳል፣ ይቃማል፣ ይበላል። ጳጉሜን 3 የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ሕፃናቱ ራቁታቸውን ሲቦርቁበት፣ አባትዬው በረንዳ ላይ ቆሞ የመጨረሻዋን ሲጋራ ይምጋል። ሲጋራ ሁሉ ተጨሶ ያልቃል፤ የመጨረሻዋ ግን ከዓመት ዓመት አታልቅም።

ከዚያ መስከረም አንድ ይመጣል። መስከረም አንድ ደግሞ በዓል ነው። በበዓል ቀን ምን ይጀመራል? ዶሮው አለ፣ ጠላው አለ፣ ዘመድ ይመጣል። በማግሥቱም የተረፈው ወጥ ይበላሻል። ከዚያ በኋላ ሳምንቱ ተጋምሷልና ሰኞ ይሻላል። ሰኞ ሲደርስ መስቀል ቀርቧል፤ ደመራ ሳይለኮስ ማን ነው አዲስ ነገር የሚጀምር? ደመራው ተለኩሶ አመዱ ሲበርድ ደግሞ ጥቅምት ይገባል። አበው "ለጥቅምት አንድ አጥንት" ብለው ያዘዙበት ወር ነው፤ ክብደት እቀንሳለሁ ብሎ ከአበው ጋር መጣላት የአስተዳደግ ጉድለት ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቆራጡ ሕዝብ በሰላም ለሚቀጥለው ጳጉሜን ይደርሳል።

ሰው ይህን ሲያይ "ወኔ የለንም" ይላል። እኔ ግን የወኔ ጉዳይ አይመስለኝም። የዳኝነት ጉዳይ ነው። እያንዳንዳችን ውስጥ አንዲት ትንሽ ችሎት አለች። ከሳሹ እኔ፣ ተከሳሹ እኔ፣ ጠበቃው እኔ፣ ዳኛውም እኔ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ፣ ከተከራካሪዎቹ ከአንዱ ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ያለው ዳኛ ከችሎት ይነሳ ይላል። ይሄኛው ዳኛ ተነስቶ ወዴት ይሂድ? ከተከሳሹ ጋር አንድ ገበታ ይቀርባል፣ አንድ ጫማ ይጫማል፣ አንድ ትራስ ላይ ይተኛል። በድሮው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ ነጠላቸው ተቋጥሮ ዳኛ ዘንድ ይቀርቡ ነበር። የኛ ችሎት የሚለየው ዳኛውም እዚያው ቋጠሮ ውስጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፍርድ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ቀጠሮ ነው።

የጠበቃውን አንደበት ደግሞ ማን በቻለው! "ክቡር ዳኛ፣ ደንበኛዬ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ሊሮጥ አላርም መሙላቱ አይካድም። ይሁን እንጂ ማታ አምሽቷል። ያመሸውም ወዶ ሳይሆን፣ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አይቶ ሊተኛ ሲል ሌላ ስለመጣበት ነው። ብርዱም እንደምናውቀው ነው። በዚያ ላይ በዚያ ሰዓት ጅብ አይጠፋም።" ዳኛው ጅብ የሚለው ላይ ሲደርስ ሆዱ ይባባል። ጅቡን ማን አየው? የት? ብሎ አይጠይቅም። ጅብ በሌለበት፣ የኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተኛ ሰው መሆኑንም አያነሳም። ለሰኞ ተቀጥሯል።

ይኸው ርኅሩኅ ዳኛ የጎረቤት ፋይል ሲቀርብለት ግን ሌላ ሰው ነው። ባልደረባው ሲያረፍድ ሰነፍ ስለሆነ ነው፤ እሱ ሲያረፍድ መንገድ ተዘግቶ ነው። የሰው ልጅ ሲያለቅስ አስተዳደግ ነው፤ የሱ ልጅ ሲያለቅስ እንቅልፉ መጥቶ ነው። ይግባኝ የለም፣ ቀጠሮ የለም፣ ፋይሉ ሳይነበብ ይፈረዳል።

አቅመ ቢሶች ነን እንዳልል ጾሙ አለ። ሁዳዴን እዩት፤ 55 ቀን። የቅበላ ሰሞን ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰልፎ፣ ካለ ቁርጥ ሌሊቱን የማይዘልቀው የሚመስለው ጎረምሳ ሰኞ ጠዋት ተነስቶ ሽሮውን ይይዛል። ወተት አይነካም፣ ዕንቁላል አይነካም፣ የቅቤ ሽታ እንኳ ባለፈበት አያልፍም። "የጾም ነው?" ሳይል ኬክ አይቆርስም። የረመዳን ጾመኛማ ከዚህም ይብሳል፤ ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ ውኃ እንኳ በአፉ አይዞርም። በሌላው ወር "ካላጨስኩ አንድ ሰዓት መሥራት አልችልም" የሚለው ሰው፣ በረመዳን ቀኑን ሙሉ መርካቶ ውስጥ ሲሸጥና ሲከራከር ይውላል፤ ሲጋራው አዙሪት ሆኖ አልጣለውም። አንድ ሰዓት የማይችል ሰው ቀኑን ሙሉ እንዴት ቻለ?

የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ጾሙ ችሎት አይቀርብም። ማንም ሁዳዴ ዋዜማ ላይ "ዘንድሮ ስሜቴ እንዴት ነው?" ብሎ ራሱን አይጠይቅም። የተቆረጠው በሌላ ቦታ፣ በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ዳኛ ነው። ቀኑ ይታወቃል፤ እናት ታውቃለች፤ ጎረቤት ያያል፤ ምግብ ቤቱም በየዓይነቱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዘመድ የሆነው ዳኛ ከነጭራሹ አልተጠራም።

ዕቁቡም እንደዚሁ ነው። ባንክ ወለድ እየከፈለው መቆጠብ ያቃተው ሰው፣ ሰባራ ሳንቲም ወለድ የሌለው ዕቁብ ውስጥ ሲገባ ከሰው ተበድሮም ቢሆን በቀኑ ይከፍላል። ለምን? ሰብሳቢው ደብተሩን ይዞ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ስለሚያየው ነው። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ዋስ ጠርቷል፤ ዋሱ ደግሞ አማቱ ናቸው። አማቱን በዋስነት የጠራ ሰው የቁጠባ ባህሉ ድንገት ያድጋል።

ስፖርቱም ያው ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨርሶ፣ እንደሌላው መተኛት ሲገባው ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የታየ ሰው ነው። ትርፍ አንጀቱ ከወጣለት ገና ጥቂት ሳምንት ነበር። ያን ሰው ስናስብ ብቻውን ጋራ ላይ የሚሮጥ የብረት ፍጡር ይመስለናል። ነገር ግን የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ሰዓት ይዞ ቆሞበታል፤ አጠገቡ እንደ ማሞ ወልዴ ያለ ሰው ይተነፍስ ነበር። ዛሬም እንጦጦ ወይም ሱሉልታ በማለዳ የወጣ ሰው፣ አትሌቶቹ በሰልፍ አንዱ የሌላውን ኮቴ እየተከተለ ሲሮጡ ያያል። ማን ነው እዚያ ሰልፍ ውስጥ ሆኖ ጅብ የሚጠራ?

ስለዚህ "ራሴን በራሴ ማዘዝ አለብኝ" እያለ ብቻውን የሚፋለም ሰው ሲያጋጥመኝ አዝንለታለሁ። የሰው ዓይን መዋስ ነውር የለውም። ነውሩ ተውሶ እንደ ራስ ዓይን መኩራራት ነው።

የተዋስነው ዓይን የማይደርስበት ቦታ ግን አለ። አንድ ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ከጎኔ ጠረጴዛ ሦስት የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ተቀምጠው በየዓይነቱ አዘዙ። አንደኛዋ አስተናጋጇን ያዘቻት።

"የኔ እህት፣ ሽሮዋ ቅቤ የላትም አይደል?"

"የጾም ናት።"

"ዘይቱስ? የፍስክ የተጠበሰበት እንዳይሆን።"

"ለብቻው ነው።"

"ማማሰያዋስ?"

አስተናጋጇ ሳቋን ዋጥ አድርጋ "ማማሰያዋም ጿሚ ናት" አለች።

እውነት ለመናገር አድናቆት አደረብኝ፤ እስከ ማማሰያ የሚወርድ ጥንቃቄ ቀላል አይደለም። ምግቡ መጣ፣ አማተቡ፣ ቆረሱ። የመጀመሪያው ጉርሻ ሳይወርድ "የዚያችን ጉድ ሰማችሁ?" ተባለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። የልጅቷ ዕድገት ከየት እንደመጣ፣ መኪናው የማን እንደሆነ፣ ባሏ ለምን እንደሄደ፣ አንድ በአንድ እየተነሳ፣ ቀይ ሥሩ ሳያልቅ ባልደረባቸውን ከነአጥንቷ ጨረሷት። እኔም ጆሮዬን አልጾምኩትም፤ የመኪናው ታሪክ ላይ ጉርሻዬን ይዤ ቆይቻለሁ። ጾመ ድጓ ሆድ ብቻ ሳይሆን ዓይንም አንደበትም ጆሮም ይጹሙ እንደሚል ሳይሰማ ያደገ የለም። ግን የሽሮን ቅቤ አስተናጋጅ ይመሰክርበታል። የአንደበትን ቅቤ ማን ይመሰክርበት?

ለዚህ ነው ንስሐ ያለው ትሉኝ ይሆናል። አለ። የንስሐ አባት ቤት ድረስ ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላላቸዋል፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ይጠይቃሉ። ከዚያ ሰዓቱ ይደርስና አንገታችንን ደፍተን "አባቴ፣ በማወቅም ባለማወቅም፣ በመናገርም በማሰብም..." ብለን እንጀምራለን። እዚያው ላይ ነው ብልጠቱ። በጅምላ የሚናዘዝ ሰው በችርቻሮ አይያዝም። "ኃጢአተኛ ነኝ" ማለት ማንንም አያሳፍርም፤ ሁሉም ነውና። "ማክሰኞ ከሰዓት የአለቃዬን ስልክ ያላነሳሁት ስብሰባ ላይ ስለነበርኩ ሳይሆን ሥራውን ስላልጀመርኩት ነው" ማለት ግን ጆሮ ያቃጥላል። ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ የተጎዳ ሰው አለው። የመጀመሪያው አረፍተ ነገር ትሕትና ይመስላል፣ ሁለተኛው ሒሳብ ነው። ዘመድ የሆነው ዳኛ ጅምላውን ይወዳል፤ የወል ጥፋት ላይ ሁሉንም በአንድ ላይ ነጻ ማውጣት ይቀላል።

ችርቻሮውን ከጻፉ ሰዎች መካከል አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይገኝበታል። ያኔ ፊላደልፊያ ውስጥ ወጣት አታሚ ነበር። ፍጹም ሰው ለመሆን ወሰነ፤ በየጳጉሜኑ እንደምንወስነው ማለት ነው። አሥራ ሦስት ምግባሮችን መዘገበ፤ ለኛ ቁጥሩ ደስ ይላል፣ የወሮቻችን ልክ ነው። መጀመሪያ አሥራ ሁለት ነበሩ። አንድ ወዳጁ "ትዕቢተኛ ትባላለህ" ብሎ በግልጽ ስለነገረው ትሕትናን አሥራ ሦስተኛ አድርጎ ጨመራት። ትንሽ ደብተር አስምሮ በየማታው የሳታትን በጥቁር ነጥብ ምልክት ያደርግ ነበር። ለየሳምንቱ አንድ ምግባር፣ በዓመት አራት ዙር። አዲስ ዙር ሲጀምር የድሮውን ነጥብ እየፋቀ ያጠፋል። የሆነው ምን መሰላችሁ? ጥፋቱ ሳያልቅ ወረቀቱ አለቀ። በፍቀት ብዛት ደብተሩ ተበሳሳ። በዚህ ጊዜ ሰውየው መዝገቡን ወደ ዝሆን ጥርስ ገጾች አዛወረና በእርሳስ እየጻፈ በእርጥብ ስፖንጅ መጥረግ ጀመረ። ይህን ሁሉ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1771 መጻፍ በጀመረው ግለ ታሪኩ ሳይደብቅ ነግሮናል። ከሁሉ ያስቸገረው ዕቃን በቦታው፣ ጊዜን በሰዓቱ የማድረጉ ነገር እንደነበርና በትሕትናም ከልቡ ይልቅ በመልኩ እንደተሳካለት ሳይቀር።

ሰውየውን ወደድኩት። የስፖንጁ ነገር ግን ያሰጋኛል። መጥረጊያው በቀረበ ቁጥር ዳኛው ይበላሻል።

በዚህ ረገድ ከፍራንክሊን የምትበልጥ አንዲት ሴት አውቃለሁ፤ አክስቴ ናት። ሽሮ ሜዳ ሰፈር ከመኖሪያዋ የተያያዘ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ለውዝ። ባለ ካሬ መስመር የዱቤ ደብተር አላት። እያንዳንዱ ባለዕዳ አንድ ገጽ አለው፤ ስማቸው አይጻፍም፣ ምልክታቸው ነው የሚጻፈው። "ባለ ቀይ በሩ።" "ዘበኛው።" "መምህሩ፣ ወር ሲሞላ።" "የማትመልሰው።" አንድ ቀን ሱቁን ስጠብቅላት ደብተሩን ሳገላብጥ "እኔ" የሚል ገጽ አየሁ። እንዲህ ይላል፦

ስኳር ግማሽ ኪሎ።
ዘይት አንድ ሊትር።
ሳሙና ሁለት።
ለውዝ። ሳልራብ።
ክብሪት።
ለውዝ። በንዴት።

በእስክሪብቶ ነው፤ ስፖንጅ አያነሳውም።

"ይቺ ‘እኔ’ ማናት?" አልኳት።

"እኔ ነኛ።"

"ከራስሽ ሱቅ በዱቤ ትወስጃለሽ?"

"ታዲያ በነጻ ልውሰድ? በነጻ የወሰዱት የት እንደደረሱ ከዚህ እስከ ታች ልቁጠርልህ።"

ቆጠረችልኝ። የዚያ ሱቅ ሰውዬ፣ የዚህ ሱቅ ልጅ፣ ማዞሪያዋ ጋ የነበረችው። ሰፈሩ ባለዕዳ አክስሯቸው ነው ይላል፤ እሷ ግን አታምንም። ባለዕዳ ደብተር ላይ ስላለ ይታያል፤ ሲዘገይም ይሰደባል። ሱቅ የሚበላው ባለቤቱ እያለፈ እየገባ የሚያነሳት፣ ማንም የማይጽፋት ዘይትና ብስኩት ናት። በዓመቱ ዕቃ ለማምጣት ገንዘብ ሲፈለግ የለም፤ ሌባ ይጠረጠራል፤ ሠራተኛ ይባረራል። "ሌባውማ መስታወት ፊት ሲላጭ ያየዋል" ትላለች።

ያስደነቀኝ ዘይቱ ሳይሆን ለውዙ ነው። "ሳልራብ" ብሎ መጻፍ ለምን አስፈለገ? ለሒሳቡ አይጠቅምም፤ ዋጋው ያው ነው። ስጠይቃት ትከሻዋን ሰበቀች። "ካልጻፍኩት ርቦኝ ነው እላለሁ" አለችኝ። ወር ሲሞላ ከመሳቢያዋ ወደ ሱቁ ሣጥን ቆጥራ ትከፍላለች። ስትዘገይ ደግሞ ራሷን ስትቆጣ ሰምቻታለሁ፤ "ይቺ ሴትዮስ ዘንድሮ አስቸገረችኝ" ትላለች፣ ስለ "ባለ ቀይ በሩ" በምትናገርበት ድምፅ።

አክስቴ ጠንቃቃ ናት እንጂ ጭምት አይደለችም፤ ሰፈሩን የምታስቀው እሷ ናት። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቀለል ያለ ሰው መሆኗ ነው። እኛ ለማን ምን ብለን እንደዋሸን ስናስታውስ፣ የቱን ሰበብ ለየትኛው አለቃ እንደሰጠን ስናዛምድ ግማሽ ጉልበታችን ያልቃል። እሷ ዕዳዋን እስከ ለውዟ ታውቃለች። መብራት አጥፍታ ስትተኛ ወዲያው ነው የምታንኮራፋው፤ ግድግዳው ሥስ ስለሆነ እኔ ምስክር ነኝ።

ባለፈው ሄጄ ቡና አፈላች። ስኒዬን ተቀብዬ አንዴ ፉት አልኩ፤ መረረኝ።

"ስኳር ረሳሽ መሰለኝ።"

"አልረሳሁም። ዱቤዋ ሞልቷል።"

"የማን?"

"የኔ። ሳትከፍል ሌላ አትወስድም፤ ነግሬያታለሁ።"

ከኋላዋ መደርደሪያው ሥር የስኳሩ ጆንያ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። "በቃ እኔ ልግዛ" ብዬ ኪሴ ገባሁ። ይኼኔ አክስቴ ጠፍታ ነጋዴዋ መጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ከባንኮኒው ኋላ ዞረች፣ ሚዛኑን ጠረገች።

"ምን ያህል ላድርግልህ?"

"ሩብ ኪሎ።"

መዘነች። ከላይ በማንኪያ ትንሽ ቀነሰች። ብሩን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፣ መልሴን ቆጥራ እጄ ላይ አደረገች። ከዚያ ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና ሁለተኛውን ስትቀዳ እኔ ስኳሩን ይዤ ወደ ስኒዋ ስጠጋ እጄን ያዘችኝ።

"ለሷ እንዳትጨምርላት" አለችኝ፤ "ለምዳ ደግሞ አንተን ዱቤ ትጠይቅሃለች።"